ዝምታ መዝጋቢው ጋሼ ጭጭ

ክቡር ዋና ጸሐፊ፤ ክቡራን አምባሳደሮች፤ ክቡራን ወታደራዊ አታሼዎች፤ በአጋርነት የተገኛችሁ፤ በታዛቢነት የተገኛችሁ፤ አጋር ትባሉ ታዛቢ ገና ያልተወሰነላችሁ፤ ውድ ባለቤቱ፤ ልጆቹ፤ ሾፌሮች፤ ጥበቃዎች፤ የጽዳት ባልደረቦቻችን፤ ወዳጅ ጎረቤት ሁሉ፤

ንግግሬን ከመጀመሬ በፊት አንድ ከባድ ጉዳይ በጥልቅ ሐዘን እንዳሳውቅ ታዝዣለሁ። የአበባ ጉንጉኖቹን ቅደም ተከተል በሚመለከት ከማለዳው አንድ ሰዓት ጀምሮ ሲካሄድ የነበረው ምክክር ያለ ስምምነት ተበትኗል። ትልቁ አባል አገር «ትልቁን አበባ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ከራስጌ ይቀመጥልኝ» አለ። ትንሿ አባል አገር «እኔ ደግሞ ቀድሜ ነው የደረስኩት» አለች። በፊደል ተራ ይሁን የሚል አስታራቂ ሐሳብ ቀረበ። «በማን ፊደል?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። በዚያው ቀረ። ስለዚህ አበቦቹ አሁንም መኪናው ውስጥ ናቸው። ሣጥኑ ላይ አንድ ቅጠል እንኳ አለመኖሩን አይታችሁ የተከፋችሁ ካላችሁ፣ ንቀት አይደለም። የጋራ አቋም ጠፍቶ ነው።

እንግዲህ ማን ነው የሞተው?

ብዙዎቻችሁ ፊቱን አታውቁትም። አልፈርድባችሁም። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ ከውሃ ማቀዝቀዣው ጀርባ፣ መስኮት በሌላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው የኖረው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ ማራገቢያ። አንደኛው ጠረጴዛ የእሱ ነበር። ከፊት ለፊት ያለው የእኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ፊት ለፊት ተያይተናል። ሚስቴን እንኳ ያን ያህል አላየኋትም፤ እሷም በዚህ ቅሬታ የላትም።

ሥራው ምን ነበር? ለጎረቤቶቹ ላስረዳ፤ አምባሳደሮቹ ታገሡኝ፣ እናንተም ብትሰሙት አይጎዳችሁም።

የእኛ ኅብረት የጦር ኅብረት ነው። አንዱ ሲነካ ሁሉም «ተነካሁ» የሚልበት። ቢያንስ ወረቀቱ እንዲያ ይላል። ይህ ኅብረት እጅ አውጥቶ ድምፅ አይሰጥም፤ እጅ ማውጣት ያጣላል። በምትኩ ረቂቅ ውሳኔ ለአባላቱ ሁሉ ይላካል። ቀንና ሰዓት ይቆረጥለታል። እስከዚያ ሰዓት ድረስ ማንም ምንም ካልጻፈ፣ ሁሉም ተስማምቷል ማለት ነው። አንድ አባል አንዲት መስመር ከጻፈ ግን ዝምታው ፈረሰ፤ ውሳኔውም አብሮት ፈረሰ። እንግዲህ ቁጭ ብሎ ያንን ዝምታ የሚጠብቅና የሚመዘግብ ሰው ያስፈልጋል።

ያ ሰው እሱ ነበር።

ስሙን ትታችሁ «ጋሼ ጭጭ» ነበር የምትሉት። ስሙን ያወጣችለት ያቻትና፣ ከኋላ የቆመችው የጽዳት ባልደረባችን ናት። አንድ ጠዋት የመርከቦች ረቂቅ ዝምታ ላይ ሳለ መጥረጊያዋን ይዛ እየዘፈነች ስትገባ፣ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «ጭጭ በይ እናቴ፣ አራት የጦር መርከብ እያለፈልን ነው» አላት። እሷም «እኔ ደግሞ በእግርህ ሥር ማለፍ እፈልጋለሁ፣ አንሣልኝ» አለችው። እግሩን አነሣ። መርከቦቹም አለፉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋሼ ጭጭ ሆኖ ቀረ። «አንቱ» ሲሉት ይሸማቀቅ ስለነበር፣ ዛሬም አንተ እለዋለሁ፤ ይቅር ይለኛል።

የሸክም ክፍፍሉ ክርክር ትዝ ይላችኋል? እንዴት አይላችሁ፣ አሁንም አላለቀም። ኅብረቱን ለመጠበቅ ማን ምን ያህል ይሸከም ነው ጥያቄው። የትልቁ አገር አምባሳደር ጠረጴዛውን ደብድበው «እስከ መቼ ነው ብቻዬን የምሸከመው?» አሉ። የትንሿ አገር አምባሳደር «የእርስዎ ሸክም እኮ የተቀመጠው እኛ ጓሮ ነው፤ በአውሮፕላኖቻችሁ ጩኸት ዶሮዎቻችን እንቁላል ካቆሙ ቆዩ» አሉ። ከዚያ እያንዳንዱ ያዋጣውን ይናገር ተባለ። አንዱ የጦር ሠራዊቱን የሙዚቃ ጓድ ቆጠረ፤ አርባ መለከት፣ ሁለት ትልልቅ ከበሮ። ሌላው ተራራውን ቆጠረ፤ ጠላት ሲወጣው ይደክመዋል ብሎ። ሌላው፣ እዚህ አሉ፣ ፊታቸው ቀልቷል፣ የጠዋት ጭጋጋቸውን እንደ አየር መከላከያ አስቆጠሩ።

ጋሼ ምን አደረገ? መዘገበው። «ጭጋግ፣ አንድ።»

በዚያው ሰሞን የትልቁ አዳራሽ በር ማጠፊያው ዝጎ፣ ሰው በገባ በወጣ ቁጥር እንደ ታመመ ሰው ያቃስት ነበር። ዘይት ይቀባ ተባለ። ማን ይቀባው? የማን ድርሻ ነው? በሩን ብዙ የሚጠቀም ብዙ ይክፈል፤ የለም፣ ሰፊ ትከሻ ያለው ይክፈል፤ የለም፣ በመጀመሪያ በሩ የጋራ ነው ወይስ የአስተናጋጁ አገር? ሦስት ዓመት። ሦስት ዓመት ሙሉ በሩ ሲያቃስት ስለ ጋራ ደኅንነት ተወያየን። አንድ ማክሰኞ ጋሼ ከቤቱ በሳል መድኃኒት ጠርሙስ የምግብ ዘይት ይዞ መጣና፣ ወንበር ላይ ቆሞ ቀባው። በሩ ዝም አለ። በማግሥቱ ደብዳቤ ደረሰው። «ከተመደበልህ ድርሻ በላይ በማበርከት በመካሄድ ላይ ያለውን የሸክም ክፍፍል ድርድር አዛብተሃል፤ ለወደፊቱ እንድትጠነቀቅ።»

ምን አደረገ? የራሱን ማስጠንቀቂያ ራሱ መዘገበው።

ስቃችኋል። ሳቁ፤ እሱም ስቆበት ነበር። አሁን ግን የማያስቀውን ልንገራችሁ።

በዚያ በር አጠገብ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ። ኅብረቱን ለመቀላቀል የጠየቀችው አገር መልእክተኞች ዘጠኝ ዓመት እዚያ ተቀምጠዋል። ዋናው መልእክተኛ ሲመጣ ጠጉሩ ጥቁር ነበር። ባለፍን ባገደምን ቁጥር «በሩ ክፍት ነው፣ አይዟችሁ» እንለው ነበር። እሱም በሩን ያያል። በሩ ዝግ ነው። ፈገግ ይላል። ምን ያድርግ?

ውስጥ ደግሞ ክርክሩ እንዲህ ነበር፤ እኔ ሰምቻለሁ፣ እናንተም ነበራችሁ።

«ካስገባናቸው ጎረቤታቸው ይቆጣል።»

«ካላስገባናቸው ጎረቤታቸው ይደፍራቸዋል።»

«ታዲያ ጎረቤታቸው ሳይሰማ ይግቡ።»

«ድንበራቸው እኮ ረዥም ነው፣ ያሰጋል። ማን ይጠብቀዋል?»

«ስለሚያሰጋ አይደል እንዴ መግባት የፈለጉት?»

«እንግዲያው ስጋቱ ሲያልፍ ይምጡ።»

ይህን የመጨረሻውን የተናገሩት ጎምቱ ሰው ዛሬ ጃንጥላ ይዘው ከፊት ቆመዋል። ስም አልጠራም። ዝናብ ሳይመጣ ጃንጥላ መያዝ ያውቁበታል ማለቴ ነው።

ጋሼ ጭጭ የተወለደው በዚያች አገር ነበር። ይህን ስንቶቻችሁ ታውቃላችሁ? ወጣት ሆኖ ወጣ፣ እዚህ ተቀጠረ፣ እዚህ አገባ፣ እዚህ ወለደ። ታላቅ እህቱ ግን እዚያው ቀረች። የልብስ ሰፊ ናት፤ የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። ቤቷ ወንዙ ዳር ነው። ከስፌት መኪናዋ ቀና ስትል፣ በመስኮቷ የማዶዎቹ ወታደሮች ካልሲያቸውን ሲያሰጡ ታያለች። እሁድ እሁድ ከሰዓት በኋላ ትደውልለታለች። እኔም እሁድ እሁድ ቤቱ ዳማ ስለምንጫወት፣ ስልኩንም ጮክ አድርጎ ስለሚከፍተው፣ ድምፅዋን ከአክስቴ ድምፅ በላይ አውቀዋለሁ።

«ማሙሽ፣ ገባን?»

ስድሳ አንድ ዓመት የሞላው ማሙሽ ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እየተወያዩ ነው እትዬ።»

«አሁንም? ቆይ፣ እነዚህ ሰዎች ምሳ ምን እንደሚበሉም እንዲህ ነው የሚወያዩት?»

«በምሳው ላይ ስምምነት አለ እትዬ።»

«አንተስ እዚያ መሃል ምንድን ነው የምትሠራው?»

«ዝም ሲሉ እመዘግባለሁ።»

«ወይ ጉድ! ለዚህ ነው እናታችን በሬ ሸጣ ያስተማረችህ?»

ይስቃሉ። ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ድምፅዋ ዝቅ ይላል። «ማዶ አዲስ ድንኳን ተክለዋል። ባለፈው ሳምንት አልነበረም።» እሱም «ነይ እኔ ጋ፣ እባክሽ» ይላታል። «የሠላሳ ልጅ ልብስ ጀምሬ? ትምህርት ሊከፈት ነው እኮ። እናንተ ግቡ በሉንና እኔ እዚሁ እሰፋለሁ።» ስልኩ ይዘጋል። ጋሼ ዳማውን ያያል፤ ተራው የማን እንደሆነ ጠፍቶታል።

ዘጠኝ ዓመት። በየእሁዱ። «ገባን?» «እየተወያዩ ነው።» «ገባን?» «ለመወያየት እየተወያዩ ነው።» «ገባን?»

በመጨረሻ ተአምር ሆነ። ክርክሩ አለቀ። ትልቁ አገር እንኳ ራሱን ነቀነቀ። «አመልካቿ አገር ከዛሬ ጀምሮ አባል ናት» የሚል ረቂቅ ለሁሉም ተላከ። የዝምታው ማብቂያ ሐሙስ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ሆነ።

ጋሼ በዚያ ሐሙስ ጫማውን አስጠርጎ መጣ። ማራገቢያውን አጠፋው፤ ድምፅ እንዳይኖር። ሁለቱን ሰዓቶች አስተካከለ። መዝገቡን ከፈተ። እስክሪብቶውን በጎኑ አስተኛ። በዚያ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር፤ እኔ የማኅተም ቀለም ለማምጣት ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ወርጄ ነበር።

ሦስት ሰዓት ሆነ። ማንም አልጻፈም። ሦስት ተኩል ሆነ። ማንም አልጻፈም። የኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ያሉት ሰዎች እንኳ ሳል ይዟቸው በመሐረብ ያፍኑት ነበር።

ለአራት ሰዓት ስድስት ደቂቃ ሲቀረው አንድ መልእክት ገባ።

የተቃውሞ መልእክት መሰላችሁ? የጥያቄ? የማሻሻያ ሐሳብ? እንዲህ ነበር የሚለው፦ «ስለ መልእክትዎ እናመሰግናለን። እስከ ወሩ መጨረሻ ድረስ ዕረፍት ላይ ነኝ። ስመለስ እመልስልዎታለሁ።»

ሰው አልጻፈውም። የአንድ አምባሳደር ኮምፒውተር ነው ራሱ የጻፈው። አምባሳደሩ ባሕር ዳርቻ ጀርባቸውን ፀሐይ ያሞቃሉ። ማሽኑ ግን ጨዋ ነው፤ ለተላከለት ሁሉ ይመልሳል።

ደንብ ቁጥር ሰባት ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ከተቆረጠው ሰዓት በፊት የደረሰ ማናቸውም የጽሑፍ መልስ፣ ይዘቱ ምንም ይሁን ምን፣ ዝምታውን ያፈርሳል።» ይህን ደንብ ማን አረቀቀው? ጋሼ ራሱ። ከሃያ ዓመት በፊት አንዱ አምባሳደር ለሌላው የላከው የልደት መልካም ምኞት መልስ ነው አይደለም ተብሎ ለወር ሲያጣላ፣ ሰዎቹን ለማስታረቅ ብሎ።

ስድስት ደቂቃ። መልእክቱን ያየው ማን ነው? እሱ። ቢያጠፋው ማን ያውቅ ነበር? ማን ይጠይቅ ነበር? ባሕር ዳር የተኙት ሰውዬ? ማሽኑ? ጣቱ መሰረዣው ላይ ሄደ። ተመለሰ። ደግሞ ሄደ። ላቡ ከግንባሩ መዝገቡ ላይ ተንጠባጠበ፤ ገጹ ላይ እስከ ዛሬ ክብ ክብ ሆኖ ይታያል።

ምን አደረገ?

መዘገበው።

ለምን? ብዬ ጠየቅሁት፤ ኋላ። ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። «ሃያ ስምንት ዓመት አንዱ አንዱን ባያምን እንኳ ይህን መዝገብ ያምናል። እሱም ከዋሸ፣ እትዬ የምትገባበት ነገር አይኖርም።» ልክ ነበር ወይ? አላውቅም። እናንተ ታውቃላችሁ? የምታውቁ ካላችሁ ለእኔም ንገሩኝ፤ እንቅልፍ አጥቻለሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ክቡር ዋና ጸሐፊ «እጅግ ያሳዝናል፣ በሚቀጥለው ስብሰባ እናየዋለን» አሉ። አምባሳደሩ በፀሐይ ተጠብሰው ተመለሱና «እኔ እኮ ደጋፊ ነበርኩ! በሁለት እጄ!» ብለው ጮኹ። ታዲያ ረቂቁ እንደገና ይላክ አልን። እንደገና ለመላክ የሁሉም ስምምነት ያስፈልጋል ተባለ። ትልቁ አገር «ከተከፈተ አይቀር፣ እግረ መንገዳችንን የሸክም ክፍፍሉን እንጨርሰው» አለ። ጭጋጉ እንደገና ጠረጴዛ ላይ መጣ።

በአሥራ አንደኛው ቀን የማዶዎቹ ወንዙን ተሻገሩ።

አዳራሹ ሞላ። «እንርዳቸው» አለ አንዱ። «አንዱ ሲነካ የሚለው አንቀጽ ለአባላት ነው» አለ ሌላው። እውነቱን ነው፣ አንቀጹ እንዲያ ይላል። ስለዚህ መግለጫ ይውጣ ተባለ። «ጥልቅ ስጋት» እንበል ወይስ «እጅግ ጥልቅ ስጋት»? ሁለት ቀን። በሁለት ቀን ውስጥ የወንዙ ዳር ከተማ ተይዛ አልቃለች። በመጨረሻ «እጅግ ጥልቅ» የሚለው ረቂቅ ለዝምታ ተላከ። ጋሼ ተቀመጠ። ሁለቱን ሰዓቶች እያየ ተቀመጠ። አንዲት ቃል ብትመጣ፣ አንድ ሰው «ይህ አይበቃም» ብሎ ቢጽፍ፣ እየጠበቀ ተቀመጠ።

ማንም አልጻፈም። ማሽኖቹ እንኳ አልጻፉም። በዘመኑ እንዲያ ያለ ንጹሕ ዝምታ መዝግቦ አያውቅም።

እሁድ መጣ። ስልኩ አልጮኸም። እኛ ደወልን። «የደወሉለትን ቁጥር አሁን ማግኘት አይቻልም» አለችን ያቺ ስሜት የሌላት ሴት። የሚቀጥለው እሁድም። ከዚያ የሚቀጥለውም። ዳማውን እንደረድር ነበር፣ ግን አንጫወትም። በሦስተኛው እሁድ ቀና ብሎ አየኝና፣ «አሁን ብትደውል መጀመሪያ የምትለኝን አውቀዋለሁ። ምን ልበላት?» አለኝ።

ምን ልበለው? እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉት ነበር? ወሬ አመጣለሁ ብዬ ያላንኳኳሁት በር አልነበረም። ቀይ መስቀል ጠየቅሁ። ስደተኛ የሚመዘግቡትን ጠየቅሁ። አግዳሚው ላይ ያለውን መልእክተኛ ጠየቅሁ፤ እሱም የራሱን ልጆች እየፈለገ ነበር። የወንዝ ዳር ልብስ ሰፊ ያየ የለም።

በአራተኛው እሁድ ስሄድ ወንበሩ ላይ ተደግፎ፣ ስልኩን ጉልበቱ ላይ አድርጎ አገኘሁት። የተኛ መስሎኝ፣ ድምፅ ላለማሰማት ጫማዬን አውልቄ ገባሁ። እንዲያ ነው ያስለመደኝ። ሐኪሙ «ልብ ነው» አለ። በሐኪሙ ላይ የምጨምረው የለኝም።

ስልኩ እዚህ ነው። ባለቤቱ እታለም ቦርሳዋ ውስጥ ይዛዋለች፤ ዛሬ ጠዋት ቻርጅ ስታደርገው አይቻታለሁ። ደግሞ እህቱ በሕይወት ብትኖርስ? ከአንድ ምድር ቤት ወጥታ፣ ሲግናል አግኝታ፣ አሁን፣ እዚህ አፈር ላይ ቆመን ሳለን ብትደውልስ? «ማሙሽ፣ ገባን?» ብትልስ?

ማን ያነሣዋል? ክቡር ዋና ጸሐፊ፣ እርስዎ ያነሡታል? ጃንጥላ የያዙት አባት፣ እርስዎስ? ባሕር ዳርቻ የነበሩት፣ አሁን ዕረፍትዎን ጨርሰዋል፤ ይመልሳሉ?

...

መልካም። ዝምታው ተመዝግቧል።

ጋሼ፣ እንግዲህ ልሸኝህ። አቅም ኖሮኝ ያተረፍኩልህ ነገር የለም። እትዬን አላገኘሁልህም። ረቂቁን አላስላክሁልህም። አበባ እንኳ ላሳርፍብህ አልቻልኩም። ሥራህን ለእኔ ሰጥተውኛል፤ እምቢ ልል ነበር፣ ደብዳቤው ላይ «እስከ ዓርብ መልስ ካልተሰጠ እንደ ተቀበለ ይቆጠራል» ይላል፤ እኔም ምን እንደምጽፍ ሳስብ ዓርብ አለፈ። ሰኞ መዝገብህን እከፍታለሁ። ላብህ ያረፈበትን ገጽ አልፌ፣ ቀጥሎ ባለው ነጭ ገጽ ላይ እጀምራለሁ። ደህና ሁን ጋሼ። ደህና ሁን ወንድሜ። ከእንግዲህ ማንም ጭጭ በል አይልህም፤ አንተም ማንንም ጭጭ አትልም። አፈሩ ይቅለልህ።

ከመበተናችን በፊት፣ በጽሕፈት ቤቱ ደንብ መሠረት የሚከተለው እርማት ይነበባል። በዚህ ንግግር ውስጥ «በዚያ ጠዋት ክፍሉ ውስጥ ብቻውን ነበር» ተብሎ የተገለጸው ትክክል አይደለም። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት የወረደ ሰው አልነበረም። ከሟች ፊት ለፊት ባለው ጠረጴዛ አንድ ባልደረባ ተቀምጦ ነበር። ለአራት ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው ሟች ቀና ብሎ «ላጥፋው?» ሲል ጠይቆታል። ባልደረባው እስከ ተቆረጠው ሰዓት ድረስ ምንም መልስ አልሰጠም። በዚሁ ይታረም።